ምርጫና ውሃ በአንድ እሁድ

በልጄ ቤት እኔ ትዝ የምለው በርሜሉ ባዶ ሲሆን ነው። ሞልቶ ከሆነ "እማዬ" ብሎ የሚጠራኝ የለም። ይሄን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ማማረር የሰነፍ ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰነፍ ሆኜ አላውቅም። ግን የምርጫው ዕለት ገና ሲነጋ፣ ቤታችንን ለሁለት በከፈለው ስስ ጣውላ በኩል የሰማሁትን ሰምቼ ዝም ብል ኖሮ፣ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ ይቀር ነበር። ልጄ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው፤ የጋለው ካውያ ሽታ እኔ መኝታ ድረስ ይመጣል። ምራቴ ጫማዋን እየፈለገች፣ "እማማስ መቼ ሊሄዱ ነው?" አለችው። "የት?" አላት። "ለመምረጥ ነዋ!" እሱም ካውያውን ሳያነሳ፣ "ተያት በናትሽ፤ እሷ ውሃው ላይ ትሁን። ደግሞስ ማንን እንደምትመርጥ የት ታውቅና ነው?" አለ። ምራቴም "እሱስ ልክ ነህ" ብላ ጫማዋን አገኘች።

ማንን እንደምመርጥ የት አውቅና! ይሄን ያለው እኔ የሆቴል አንሶላ እያጠብኩ፣ በረኪናው ጥፍሬን እየላጠው ያስተማርኩት ልጅ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አልደብቅም፣ አላፍርበትምም። ግን መሰላልን ከባልዲ መለየት ያቅታታል ብሎ ማሰብ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? በወረዳችን ያን ዓመት አንገት ለአንገት የተናነቁት ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ፤ የአንዱ ምልክት መሰላል፣ የሌላው ባልዲ። ግድግዳው፣ የመብራት ምሰሶው፣ የታክሲው የኋላ መስታወት ሁሉ መሰላልና ባልዲ ሆኖ ነበር። ቤታችንም ውስጥ እንደዚያው። ልጄ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ምንም አይልም፤ ምንም አለማለቱ ግን መሰላል መሰላል ይሸታል። ምራቴ ደግሞ የባልዲዎቹን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፣ በተለይ እሱ እራት ሲበላ። እሱ ማንኪያውን ያቆማል፣ እሷ ዜማውን ታቆማለች፣ ከዚያ ሁለቱም ሳህናቸው ላይ ያቀረቅራሉ። "አንቺስ?" ያለኝ የለም። እኔ ለማን እንደምሰጥ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነም አውቀዋለሁ። ለነሱ ያልነገርኩትን ለእናንተም አልነግራችሁም።

የምርጫ ካርዱን ያወጣሁት ብቻዬን ነው። የደም ግፊት ክኒን ልገዛ ብዬ ከቤት ወጣሁና ሄጄ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ልጅ፣ "እማማ፣ ልጅዎ ነው የላከዎት?" ስትለኝ፣ "ልጄን ወደዚህ ዓለም የላክሁት እኔ ነኝ" ብያት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ካርዱን በመሐረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር አደረግኩት። ችግሩ ካርዱ አልነበረም፤ ችግሩ እሁድ ነው። በኛ መደዳ ውሃ የሚለቀቀው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፣ እሱም ቧንቧው ደስ ባለው ሰዓት። ምርጫ ደግሞ ሁልጊዜ እሁድ ነው። እስከዚያ ድረስ በነበሩት ምርጫዎች ሁሉ፣ ልጄና ምራቴ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ሲመለሱ እኔ ጀሪካን አሰልፌ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ የመደዳው ሴት ሁሉ እንደዚያው ነው። እሁድ ካመለጠ ውሃ የሚገዛው ከጋሪ ነው፤ የጋሪ ውሃ ደግሞ አንዱ ጀሪካን የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያወጣል፣ ያውም ትሉን ሳይጨምር።

ልጄና ምራቴ በጠዋት መርጠው ወደየሥራቸው ሄዱ። ምራቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ያን ዕለት ተረኛ ነበረች። የልጄ ሥራ ግን ያስቃል። ባለፈው ምርጫ ከከተማው ወረዳዎች ሁሉ መራጭ ያነሰው በኛ ወረዳ ነው ተብሎ አለቆቹ ስብሰባ ላይ ተወርፈው ነበርና፣ ያን ዓመት ሞንታርቦ የተሰቀለበት መኪና ላይ እሱን ጫኑት። ማይክ ይዞ በየመንደሩ እየዞረ "ውጡ! ምረጡ!" ሲል ሊውል ነው። ሸሚዙን እንደዚያ የተኮሰው ለዚህ ኖሯል። ከቤት ሲወጣ ጫማውን በደጃፉ ጨርቅ ወለወለና፣ "እማዬ፣ ውሃውን አደራ" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ያቺ እሺ ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ አላወቀም።

ሦስት ጀሪካን በገመድ አያይዤ ወደ ቦኖው ወረድኩ። ቦኖው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ጠባብ አስፋልት ብቻ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የምርጫ ጣቢያችን ነው። ከቦኖው ቀና ያለ ሰው የመራጩን ሰልፍ ያያል፣ ከመራጩ ሰልፍ ዞር ያለ ሰው ጀሪካኑን ያያል። እዚህ ማዶ ሴት ብቻ፣ እዚያ ማዶ ወንድ ብቻ፤ ሰው አስቦበት የለየን እስኪመስል። ውሃው ገና አልመጣም። የቦኖው ጠባቂ፣ ሰፈሩ "ቁልፉ" እያለ የሚጠራው ቀጭን ሰውዬ፣ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። በቦኖ ደንብ ጀሪካን ሰው ነው። አሰልፈሽው ብትሄጂ ማንም አይነካብሽም። ፊት ሲደርስ ግን ባለቤቱ ወይም የቤቱ ሰው አጠገቡ መቆም አለበት፤ ከሌለ ቁልፉ በእግሩ ገፍቶ ወደ ጭራው ይመልሰዋል። ለጎረቤትም ቢሆን አይቀዳም። ተራ የሚሸጡ ስለበዙ ነው፣ አልፈርድበትም።

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ከፊቴ ነበረች። አፏ እንደ መቀሷ ነው፣ ሥራ ባይኖርም ይከፈታል ይዘጋል። "እማማ፣ ዘንድሮስ ለማን ነዎት? ለመሰላል ነው ለባልዲ?" አለችኝ።

"አንቺ ምን አገባሽ?"

"እኔማ ባልዲውን እመርጥ ነበር፣ ውሃ ካለበት።"

"መሰላሉንስ?" አለቻት ከኋላ አንዷ።

"መሰላሉንማ ባሌ ይውሰደው። ምናልባት አንድ ቀን ጣሪያችን ላይ ይወጣበት ይሆናል።"

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁላችንም ወደ ማዶ ማየታችን አልቀረም። ካርድ ያላወጣች አልነበረችም፤ አንዷ ከጡቷ፣ አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ታወጣና አይታ መልሳ ትከተዋለች። ማዶ የሚቆሙት ባሎቻችንና ወንዶች ልጆቻችን ቀለም የነካ ጣታቸውን እያዩ ወደ ካርታ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ራዲዮ ይጮሃል። አንድ ድምፁ የለሰለሰ ሰውዬ የኛን ወረዳ በስም ጠርቶ፣ በዚህ አካባቢ መራጭ የሚያንሰው የነዋሪው በተለይም የሴቶቹ የፖለቲካ ስሜት ስለቀዘቀዘ ነው አለ። ፀጉር ሠሪዋ ላብ ያጠመቀውን አንገቷን እየጠረገች፣ "ሰማችሁ? ቀዝቅዘናል" አለች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። እኔን ደግሞ ከውስጤ የሆነ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ልጄ "የት ታውቅና" ያለው ቃልና ይሄ ሰውዬ ያለው አንድ ላይ ሆነው ጀርባዬን የሚገፉኝ መሰለኝ።

ሁለቱን ጀሪካን እዚያው ትቼ ሦስተኛውን አንስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የመራጩ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመውን ጎሚስታ፣ "ይቺ የኔ ናት፣ ካንተ ቀጥሎ ነኝ" ብዬው ጀሪካኔን ከኋላው አስቀመጥኩና ተመለስኩ። "እሺ እማማ" አለኝ ሰውዬው፣ ምንም ሳይገርመው፤ የኛው ሰፈር ሰው ነዋ፣ ደንቡን ያውቃል። ፀጉር ሠሪዋ አፏን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ የራሷን አንዱን አንስታ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ከዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ሁሉም። ቢጫ ጀሪካን፣ ሰማያዊ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በላስቲክ የተወተፈ ጀሪካን፣ ከወንዶቹ መካከል ቀጥ ብሎ ተሰለፈ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ወንዶቹ በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ይዘውልን ይሄዳሉ። እኛ ማዶ ቆመን እናያለን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያን ሰዓት ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። ከመሰላሉ ፓርቲ የተወከለው ታዛቢ፣ ክራቫቱ አንገቱን ያነቀው ሰውዬ፣ ለሽንት ብቅ ሲል ጀሪካኖቹን አየና እሳት ጎረሰ። "ይሄ ቅስቀሳ ነው!" ብሎ ጮኸ። "በምርጫ ጣቢያ ደጃፍ የፓርቲ ምልክት ክልክል ነው!" የጣቢያው ኃላፊ ወጣ። ኃላፊው እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ መምህር ነው፤ ያለበሱት ሰደርያ ይሰፋዋል። "የቱ ነው ምልክቱ?" ብሎ ጠየቀው።

"ባልዲ አይደለም እንዴ ምልክታቸው? ይሄ የውሃ ዕቃ አይደለም?"

ይሄኔ ውስጥ ሲያንቀላፋ የነበረው የባልዲው ታዛቢ ሆዱን አስቀድሞ ብቅ አለ። ሰልፉን ሲያይ ዓይኑ በራ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ ወዲያው ለሆነ ሰው ደውሎ፣ "የቦኖው መደዳ በሙሉ የኛ ነው! ሴቱ በአደባባይ ወጥቷል!" ይላል። እኔ እየሮጥኩ ተሻገርኩ፤ ጉልበቴ እንደሚያመኝ ያስታወስኩት ከተሻገርኩ በኋላ ነው። "አንተ!" አልኩት ባለ ክራቫቱን፣ "ጀሪካንና ባልዲ የማይለይ ሰው ነው ድምፅ የሚታዘብልን? ባልዲ ማለት አፈ ሰፊው ነው፣ እንደዚህ እንደ ጓደኛህ!" ሰልፉ ላይ ያለው ወንድ በሳቅ ፈረሰ። ወደ ባለ ቦርጩም ዞሬ፣ "አንተም ፎቶህን አጥፋ። የኔ ጀሪካን የማንም ወገን አይደለችም። ተራ ነው የያዘችው።" አልኩት።

መምህሩ ጣልቃ ገባ። "እማማ ይረጋጉ። ሕጉ ዕቃ ሰልፍ ይይዛል አይልም።"

"አይይዝም ይላል?"

ሰደርያውን ሳብ ሳብ አደረገ። "እንደሱም አይልም።"

"ታዲያ!"

ታዲያማ ምን ያደርጋል፤ ሁለቱ ታዛቢዎች በግራና በቀኝ ጆሮው ላይ ጮኹበት፣ አንዱ "እከሳለሁ" ይላል፣ ሌላው "ይነኩና እናያለን" ይላል። መምህሩ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ፖሊሱም ጀሪካኖቻችንን እየለቀመ ከግቢው አጥር ሥር ከመራቸው። እኛ ክምሩ ውስጥ የየራሳችንን ስንፈልግ፣ ባዶውን ቦታ ከኋላ የነበሩት ወንዶች ሞሉት፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያቀፉ አንድ በአንድ ተመለሱ። ፀጉር ሠሪዋ፣ "እኔ ትቼዋለሁ እማማ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እዚህ ስቆም ውሃው ቢመጣ ሁለቱንም ማጣቴ ነው። ልጆቼን በካርድ አላጥባቸውም።" እውነቷን ነው።

እንደዚህ መንገዱ ዳር ቆሜ፣ የተባረረች ጀሪካኔን ይዤ ሳለሁ ነው የሞንታርቦው መኪና የመጣው። "የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች! እናቶቻችን! ድምፃችሁ ዋጋ አለው! ከቤታችሁ ውጡ!" የልጄ ድምፅ ነው፤ በሞንታርቦ ሲሆን ወፍራም ይመስላል እንጂ። ከቦኖው በኩል ሴቶቹ፣ "ወጥተናል! ከዚህ በላይ የት እንውጣልህ?" እያሉ ጮኹበት። መኪናው በአጠገቤ ሲያልፍ ልጄ አየኝ። አላየኝም አትበሉኝ፤ እናት ልጇ ሲያያት ታውቃለች። ማይኩን ከአፉ አራቅ አደረገ፣ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ መልሶ አስጠጋውና ከኔ ኋላ ያለውን ግድግዳ እያየ፣ "ውጡ!" አለ። መኪናው አቧራውን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ።

ወደ ፀጉር ሠሪዋ ሄጄ ሦስተኛዋን ጀሪካን ከሁለቱ ኋላ አስጠጋሁና፣ "ዓይንሽን ጣይልኝ፣ ተራዬ ሲቀርብ ጥሪኝ" አልኳት። "እርስዎ የት ሊሄዱ?" አለችኝ። "ጀሪካን ካልተቀበሉ እኔን ይቀበሉ" ብዬ መንገዱን ተሻግሬ ከሰልፉ ጭራ ገባሁ። ከፊቴ እንደኔ ጨክነው የቆሙ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ሰልፉ አይሄድም። ሁለቱ ታዛቢዎች ከዚያ ጠብ በኋላ በየወረቀቱ ይጨቃጨቃሉ፣ አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሲጋራ አጭሶ ይጨርሳል። እግሬ አበጠ። አንዴ በቀኙ እቆማለሁ፣ አንዴ በግራው፣ አንዴ የግቢውን አጥር እደገፋለሁ። እግሬ እዚህ፣ ዓይኔ እዚያ፣ ልቤ ደግሞ መንገዱ መሃል። ባዶው በርሜል ይታየኛል። ማታ ልጄና ምራቴ ገብተው የበርሜሉን ክዳን ሲያነሱ፣ እኔ አጠገቡ ቀለም የነካ ጣቴን ይዤ ስቆም፣ ምን ይሉኛል? "ሴትዮዋ አረጀች" ነው የሚሉኝ፣ ሌላ አይሉም። ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ከሰልፉ አንድ እግሬን አውጥቻለሁ። ሁለቴም ያ ሸሚዝ እየተተኮሰ የተነገረ ነገር መለሰኝ። ከኋላዬ ያለው ወጣት፣ "እማማ፣ ይውጡ ወይ ይግቡ፣ አሳበዱኝ እኮ" አለኝ። "አንተ ገና በጠዋትህ ካበድክ እኔ ምን ልሁን?" አልኩት፣ ግን ከዚያ በኋላ እግሬን ሰበሰብኩ።

ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ስትጠጋ ማዶ ቧንቧው ሳለ። እንደ በሽተኛ ነው የሚስለው፣ ሁለቴ ሦስቴ አየር ይተፋና ከዚያ ነው ውሃው የሚመጣው። ሴቶቹ በጩኸት ተነሱ። ሰልፉ ላይ ያለን ሦስት ሴቶች ተያየን። ከፊቴ የነበሩት ሁለቱ ነጠላቸውን አደግድገው ሮጡ። እኔም የሮጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ሳየው ግን እግሬ የሄደው ወደፊት ነው፣ እነሱ በለቀቁት ቦታ ወደ በሩ።

የብረት በሩን አልፌ ግቢ ውስጥ እንደገባሁ ፖሊሱ ሰዓቱን አይቶ በሩን ገጠመው። "ሰዓት ደርሷል! የገባ ይመርጣል፣ የወጣ አይመለስም!" አለ። ከኋላዬ የነበረው ወጣት እንኳ ለጥቂት ነው የገባው። ወዲያው ከማዶ የፀጉር ሠሪዋ ድምፅ መጣ፤ ያ አፍ ለዚህ ቀን ነው የተፈጠረው። "እማማ! ተራዎ ደርሷል! እኔ ልቅዳላቸው ብዬው ቁልፉ እንቢ አለ፣ የቤቱ ሰው ካልመጣ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ ይላል! ውሃውም እየቀጠነ ነው!"

በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ፖሊሱ አየኝ። "እናቴ፣ ሊወጡ ነው? ከወጡ አበቃ፣ ቀድሜ ልንገርዎት" አለኝ፣ ክፋት ሳይኖርበት። ልክ በዚያ ሰዓት መኪናው መጥቶ ከበሩ ፊት ቆመ። ቀኑ አልቋል፣ ሞንታርቦው ዝም ብሏል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። ልጄ ወረደና በብረቶቹ መካከል አየኝ። ሸሚዙ እንደ ጠዋቱ ነው፣ አንድ እጥፋት የለበትም።

"እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውሃውስ?"

ካርዴን ከጡቴ ሥር አውጥቼ መሐረቡን ፈታሁና አሳየሁት። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬት አየ። ጆሮው ቀላ፤ ሕፃን ሆኖም ሲያፍር ጆሮው ነው የሚቀላው። ወደ በሩ ተጠጋና፣ "ቤት እኮ አንድ ኩባያ ውሃ የለም" አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን ውጪና ውሃውን እንያዝ። ያንቺ አንድ ድምፅ..."

"ጨርሰው" አልኩት።

ፀጉር ሠሪዋ ደግማ ጠራች። ልጄ ወደ ቦኖው ዞሮ ጭቃውን፣ የተጠጋጋውን ሴት፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ያለውን ቁልፉን አየ። ከዚያ ወደ መኪናው ዞሮ ባልደረቦቹን አየ። "እማዬ፣ ሰዎቹ እያዩኝ ነው" አለኝ።

"ይዩህ። እኔንም ስንት እሁድ አይተውኛል።"

"ደግሞ..." ብሎ ቆመ። ይሄ ድምፅና የሞንታርቦው ድምፅ የአንድ ሰው ነው ቢሉኝ አላምንም። "የኛ ጀሪካኖች የትኞቹ ናቸው?"

ከኋላዬ መምህሩ "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ። ቀጣይዋ እኔ ነበርኩ። በብረቶቹ መካከል እጄን አሾልኬ ያንን የተተኮሰ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ጨመደድኩና ወደ ማዶ ገፋሁት።

"ጠይቅ! አፍ እንዳለህ ቀኑን ሙሉ ሰምተናል። መንገዱን ተሻገር፣ ለጫማህ ከሳሳህ አውልቀው፣ ሄደህ ውሃዬን ቅዳልኝ!"